ለእማዬ የሚሆን ሰንጢ

ጥቅምት 3

ይድረስ ለጭራሮዬ፣

እንዴት ነህ? በደንብ እየበላህ ነው? አዎ ብትለኝም አላምንህም፤ ቢሆንም መጠየቅ የእናት ሥራ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያማርራል፣ ስወርድ ዝም ይላል። ዓይኔ ግን አሁንም ከእህትህ ዓይን ይሻላል። ባለፈው እሁድ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ተወዳድረን አሸንፌያታለሁ፤ እሷ መብራቱ ነው አለች።

ስልክሽን ለምን አታነሺም ብለህ በእሷ በኩል ለላክብኝ ጥያቄ መልሴ፣ ስልኬ ተበላሽቷል። እንዴት ተበላሸ አትበለኝ፤ ስልክ አይደል፣ ይበላሻል። ሌላ እስክገዛ በደብዳቤ እናውራ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኛል። በስልክ ስናወራ አንተ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነህ፤ ግማሹን የምሰማው የመኪና ጥሩምባ ነው። ደብዳቤ ስትጽፍ ግን ቁጭ ማለትህን አውቃለሁ።

አሁን ላስቸግርህ። ሰንጢ ፈልግልኝ። አንተ ቀኑን ሙሉ ቢላ መሐል ቆመህ የምትውል ሰው፣ እናትህ አንዲት ሰንጢ ማጣቷ ያሳፍራል። ለፍራፍሬ ነው። ስፌት ሱቄ ውስጥ ምሳ በልቼ ብርቱካን በጨርቅ መቀሴ እየላጥኩ መቀሱን ገደልኩት። ታጥፎ ኪስ የሚገባ፣ በአንድ እጅ የሚከፈት፣ ቶሎ የሚከፈት ይሁን። መልኩም ቆፍጠን ያለ ይሁን እንጂ የልጅ መጫወቻ የሚመስል እንዳትልክልኝ።

ለእህትህ አትንገራት። ሰንጢ የሚለውን ቃል ከሰማች ሌላውን አትሰማም።

ሱቁን አሁን በጊዜ ነው የምዘጋው። ቀኑ አጥሯል። በተረፈ ሰላም ነው።

እናትህ


ጥቅምት 10

እማዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ ደገምኩት፣ ስለዚህ ቁጭ ብያለሁ። እበላለሁ። ካላመንሽኝ አከራዬን ጠይቂያት፤ ድስት አምጣ እያለች ወጥ ሞልታ ነው የምትመልስልኝ።

ስለ ሰንጢው፣ እንደ ደንበኛ ላስተናግድሽ። እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የቱ ነው ጥሩው ብሎ ነው። አለቃዬ ይህን ጥያቄ አይመልስም። እሱ ራሱ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ በየትኛው እጅህ ትይዘዋለህ፣ የት ታስቀምጠዋለህ፣ ምን ትቆርጥበታለህ። እነዚህን ያልመለሰ ሰው ሻይ ጠጥቶ ባዶ እጁን ይሄዳል። ሦስቱንም ለሚቀጥለው ደብዳቤሽ ትቼልሻለሁ።

እስከዚያው ትንሽ ላስተምርሽ። ሰው ሰንጢ ሲያነሳ መጀመሪያ ስለቱን በጥፍሩ ይሞክራል። ስለትማ ይሳላል፤ ደንዝዞም ይመለሳል። ዋናው ማጠፊያው ነው። ታጣፊ ነገር ሁሉ የሚደክመው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው፤ ይህን አንቺ ከጉልበትሽ ታውቂዋለሽ። አንዳንዱ ሰንጢ መቆለፊያ የለውም፣ በሞላ ጉልበት ብቻ ነው ተዘርግቶ የሚቆመው። አንዳንዱ እጀታው ውስጥ ያለች ቀጭን ብረት ሸርተት ብላ ስለቱን ከሥር ትደግፈዋለች። አንዳንዱ ደግሞ ከጀርባው የሚጫኑት መቆለፊያ አለው፤ እስካልተጫኑት ድረስ አይታጠፍም። ለብርቱካን የመጀመሪያው ይበቃል። ብረቱም የማይዝግ ይሁን፤ የፍራፍሬ ውኃ ስለት ይበላል።

ግን እማዬ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ያንን የጨርቅ መቀስ እኔ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ወረቀት ልቆርጥበት ያነሳሁት ጊዜ ግቢውን ሦስቴ ዞረሽ አባረሽኛል። እታለም ክር ልትበጥስበት ስትል እንኳ በሌላ መቀስ ያልሽ ሴት፣ አሁን ብርቱካን ላጥኩበት ትይኛለሽ። ደግሞ ብርቱካን አይሮጥም። ቶሎ የሚከፈት ሰንጢ ምን ያደርግልሻል?

መልስሽን እጠብቃለሁ፤ ያውም የእውነቱን።

ልጅሽ


ጥቅምት 17

ይድረስ ለነገረኛው ልጄ፣

በመቀሱ ያዝከኝ። ደብዳቤውን ፖስታ ሳጥን ውስጥ ጥዬ ገና ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ግን አንዴ ሳጥን ውስጥ የወደቀ ደብዳቤ በእጅ አይወጣም። መቀሱ ደህና ነው። ጨርቅ እንጂ ሌላ ነገር ነክቶ አያውቅም፣ እኔ ሳለሁም አይነካም።

እሺ፣ ለፍራፍሬ ብቻ አይደለም። ከሱቅ ወደ ቤት የምመጣባትን መንገድ ታውቃታለህ፤ በመጋዘኖቹ መካከል የምታልፈዋ። ድሮ በመጋዘኖቹ በር ላይ ሰው ይቀመጥ ነበር። አሁን ግማሾቹ ተዘግተዋል፤ ያለው ብየዳ ቤቱ ብቻ ነው፣ እሱም በሩን ገርበብ አድርጎ ውስጥ ውስጡን ነው የሚሠራው። ሰው ነኝ፣ እሰጋለሁ። የሆነ ነገር ኖሮ አይደለም። ቢሆንስ ብዬ ነው።

ይህን ለእህትህ ብነግራት ምን እንደሚሆን ልንገርህ? ቤቷ ውስጥ ክፍል አዘጋጅታልኛለች። አልጋው ተነጥፏል፣ መጋረጃው ተሰቅሏል፤ ያውም ጠርዙ በጥድፊያ የተሰፋ መጋረጃ፣ ሳየው ዓይኔን ያሳክከኛል። ሱቄን ዘግቼ፣ ቤቴን አከራይቼ እሷ ዘንድ እንድቀመጥ ነው። ባለፈው ሳምንት ባልና ሚስት ይዛ መጥታ ቤቴን አሳየቻቸው፣ እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ። ሴትየዋ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ጋ ቆማ እዚህ ጋ ቴሌቪዥን ይሆናል አለች። እህትህ ክፉ አይደለችም፤ ስለኔ ስታስብ እንቅልፍ ያጣች ልጅ ናት። ግን ሰግቻለሁ ብላት በማግሥቱ ነው ጭና የምትወስደኝ። ስለዚህ ነገሩ ባንተና በኔ መካከል ይቅር።

አሁን ለአለቃህ ጥያቄዎች። የምይዘው በቀኝ እጄ ነው። የማስቀምጠው ሁልጊዜ ከላዬ በማይለየው በግራጫ ኮቴ ኪስ ነው። የምቆርጥበት ክር፣ የጥቅል ገመድ፣ የጨርቅ መጠቅለያ፣ አዎ ብርቱካንም። የቀረውን አንተው ገምት። ሰው ፊት ሲወጣ ሰው ቆም ብሎ እንዲያስብ የሚያደርግ ዓይነት ይሁን።

እናትህ


ጥቅምት 28

እማዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራ በዛብኝ። ጽሑፌ ተንጋዶ ካየሽው ብዕሩ ነው፤ አለቃዬ ርካሽ ብዕር ይገዛል።

መጀመሪያ የመረጥኩልሽ ጥቁር ነበር። እጀታው ጥቁር፣ ስለቱ ጥቁር፣ ቁልፉን ነካ ሲያደርጉት በሞላ ተስፈንጥሮ የሚከፈት። ልክ አንቺ እንዳልሽው ሰው ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርጋል። እሱን ትቼዋለሁ። ለምን አትበይኝ፤ መቆለፊያው አላስደሰተኝም።

ከዚህ ጋር የላክሁልሽ ባለ ቢጫ እጀታው ነው። ስለቱ ከሌባ ጣትሽ አይበልጥም። አለቃዬን ጠይቄ አረጋግጫለሁ፣ ሕግ ከሚፈቅደው ርዝመት በታች ነው። ስለቱ ላይ አውራ ጣት የምትገባበት ቀዳዳ አለች፤ በአንድ እጅ የምትከፍቺው በእሷ ነው። ሲከፈት ቀጭ ካላለ አልቆለፈም ማለት ነው፣ አትቁረጪበት። ለመዝጋት ጀርባውን ተጫኚ፤ ጣትሽን ግን ስለቱ ከሚመለስበት መንገድ አስቀድመሽ አንሺ። ይህችን ዓረፍተ ነገር እባክሽ ደግመሽ አንብቢያት። ቢጫ የሆነው ደግሞ ጨርቅ መሐል ቢወድቅ እንዲታይሽ ነው። የሚያይሽ ሰውም የሥራ ዕቃ መሆኑን ይረዳል።

ቀጥሎ ያለውን የምነግርሽ እንደ ሻጭ አይደለም። ሰንጢ ከኪስ ይወጣል፣ ይከፈታል፣ ይያዛል። ሰው ክንድሽን ከያዘ በኋላ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለሽም። ብታወጪውም ካንቺ የበረታ እጅ ይቀማሻል። ቦርሳ ብሎ የመጣ ሰው ስለት ካየ ነገሩ ቦርሳ መሆኑ ይቀራል። አለቃዬ ራሴን ልከላከልበት ብሎ የሚመጣ ሰው ሲያገኝ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያያል፤ በዚህ መሮጥ ይቻላል ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ሰዎች የሚቀልድ ይመስላቸዋል። ቦርሳውን ከጠየቁሽ ስጪ። ጩሂ። መብራት ወዳለበት ሂጂ። ፊሽካ ልጨምርልሽ ብዬ ነበር፤ ግን ልጅ ሆነን ለምሳ ስትጠሪን ከወንዙ ማዶ እንሰማሽ እንደነበር ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ታዲያ ለምን ላክህልኝ ትይኛለሽ። ስለጠየቅሽኝ ነው። አንቺ ስንት ዓመት የጠየቅንሽን ስትሰጪን ኖረሽ ለራስሽ አንድ ነገር ስትጠይቂኝ ይህ የመጀመሪያሽ ነው፤ እምቢ ለማለት አንደበት አጣሁ። ደግሞም ኪሱ ውስጥ ሰንጢ ያለው ሰው ቀና ብሎ ይሄዳል፤ ይህን አልክድም።

እማዬ፣ እውነት የሆነ ነገር የለም?

ልጅሽ


ኅዳር 6

ይድረስ ለጭራሮዬ፣

ሰንጢው በሰላም ገባ። ቢጫነቱን ሳይ ተናድጄ ነበር፤ የላስቲክ ዳክዬ የላከልኝ መስሎኝ። ከፍቼ ገመድ ስቆርጥበት ግን አፌን በእጄ ያዝኩ። ወፍራሙን የሸራ ጥቅል እንደ ሐር ከፈለው። ሱቅ ውስጥ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሜ ስከፍት ስዘጋ፣ ስከፍት ስዘጋ፣ ለልጆቻቸው ዩኒፎርም የሚያሰፉት ደንበኛዬ ድንገት ገቡ። ምን ቀጭ ቀጭ ይላል አሉኝ፤ የስፌት መኪናው ዘይት ፈልጎ ነው አልኳቸው። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ውሸት ታስተምረኛለህ።

ጣትሽን አንሺ ያልከውን ደግሜ አንብቤዋለሁ። ከሌላው ጽሑፍህ ይልቅ እዚያ ላይ ብዕሩን ጫን አድርገሃል። ለመሆኑ ጽሑፍህን ምን ነካው? ብዕሩ ነው ብለሃል። ልጄ፣ ብዕር ቢረክስ ቀለም ይዘላል እንጂ ፊደል ወደ ግራ አይተኛም። ያንተን እጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ። እስቲ ይህን መልስልኝ።

የኔን መልስ ደግሞ ጠይቀሃል። ሁሉ ሰላም ነው።

ይልቅ የምሥራች ልንገርህ። ሰንጢው ኪስ ውስጥ ከመክፈቻና ከከረሜላ ጋር ሲንከባለል ደስ አላለኝም፤ ስለዚህ ግራጫው ኮቴ ላይ ለሱ ብቻ የሚሆን ኪስ ሠራሁለት። ገበሩ ድርብ ነው። ስለቱ ያለበት በኩል ጨርቁ እንዳይበላ ቁራጭ ቆዳ አስገብቼበታለሁ። አፉ ላይ ክዳን አለው፣ ክዳኑ በሁለት ቁልፍ ይዘጋል። የቁልፎቹን ቀዳዳ በእጄ ነው የሰፋሁት፣ ጠበቅ አድርጌ፣ እየዋለ እያደረ እንዳይላላ። ብዘል፣ ብሮጥ፣ ጎንበስ ብል፣ ብወድቅ እንኳ አይወጣም። ስንት ዘመን ስሰፋ እንዲህ ያለ ኪስ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ብታየው ትኮራብኛለህ።

እህትህ እነዚያ ባልና ሚስት መልስ ይፈልጋሉ ብላ ጨቅጭቃኛለች። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ አሳለፍኳት።

እናትህ


ኅዳር 19

ይድረስ ለልጄ፣

በፈጣን መልእክት የላክሃት ባለ አንድ መስመር ደብዳቤ ደረሰችኝ። ተረጋጋ። አይ፣ አልቆሰልኩም። አይ፣ ሰው አላቆሰልኩም። አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው፤ ዩኒፎርም የሚያሰፉት ደንበኛዬ አይተው ለእህትህ ደውለው፣ እሷ ደግሞ ላንተ ስትደውል በመንገድ ላይ ትንሽ አብጦ ነው የደረሰህ።

ሰውየው ያው ነው። ያው ስል አንተ አታውቀውም፤ አልነገርኩህማ። መስከረም መጨረሻ ላይ እዚያችው መንገድ ላይ ቦርሳዬን ነጥቆ ጥሎኝ ሄዷል። ስልኬ አልተበላሸም፤ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ጉልበቴንም ያመመኝ ደረጃው አይደለም። ሱቄን በጊዜ መዝጋት የጀመርኩትም በፍርሃት ነው፤ ከሥራ በኋላ የሚመጡ ደንበኞቼ ተዘግቶ እያገኙት ተመልሰዋል። ይኸው ነገርኩህ።

አሁን ደግሞ ከሱቅ ስመለስ ፊቴ ላይ ቆመ። እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። አንደኛውን ቁልፍ ፈታሁ። ሁለተኛው እምቢ አለ። እኔው ነኝ ያጠበቅኩት፤ እንዲህ አጥብቄ የሰፋሁትን ቀዳዳ በጥድፊያ ማን ይፈታዋል? ሰውየው ቆሞ ሲያየኝ ቆየና ምን እየፈለግሽ ነው እማማ አለኝ። ሰው ሲጠይቀኝ መመለስ ልማዴ ነው። ሰንጢ አለኝ፣ ቆይ ላውጣው አልኩት። ድምፄን ደግሞ ታውቀዋለህ። ባለ ብየዳው መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ በሩን ከፍቶ ወጣ፣ ሠራተኞቹም ተከተሉት። ሰውየው ቦርሳዬን ሳይነካ በመጣበት ሄደ። እነሱ ወንበር አምጥተው ሲያስቀምጡኝ እኔ አሁንም ከሁለተኛው ቁልፍ ጋር እየታገልኩ ነበር።

ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ፊቱን በቅርበት አየሁት። ካንተ ያንሳል። እሱም ፈርቷል። ያ ነገር በእጄ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ከሁለታችን አንዳችን ዛሬ በሰላም ቤቱ አይገባም ነበር። ሲመሽ ይህን ሳስብ ተነስቼ መብራቱን አበራለሁ፣ ከዚያ የኪሱ ቁልፍ ትዝ ይለኝና እስቃለሁ።

እህትህ በዚያው ምሽት ሻንጣ ይዛ መጣች። ከፍታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው፣ ባዶውን ነው። የኔን ልብስ ልትከትበት። አብራኝ አደረች፤ ጠዋት ሳልሞላው ስታገኘው አለቀሰች። እስከ ወሩ መጨረሻ አስቢበት ብላኝ ሻንጣውን እዚያው ትታልኝ ሄዳለች። እየተሻገርኩት ነው ሻይ የማፈላው።

ለምን ደበቅሽኝ ብለሃል። ልንገርህ። ሌባው ቢወስድ ቦርሳ ነው የሚወስደው፤ ጮኼ ሰው መጣልኝ። እናንተ የምትወስዱብኝ ግን ቤቴን ነው፣ ሱቄን፣ ጠዋት ተነስቼ እሄዳለሁ የምለውን ቦታ። ያውም በፍቅር ነው የምትወስዱት፤ በፍቅር በሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ አይጮኽም። እኔ ከእሱ ይልቅ የፈራሁት እናንተን ነው። ይህን የጻፍኩበትን ወረቀት ሁለቴ ቀድጄ ሁለቴ ደግሜ ጽፌዋለሁ፤ ግን እውነቱን አምጪ ብለህ አጥብቀህ የያዝከኝ አንተ ነህ።

በል ተራህ ነው። እጅህን ምን ሆንክ?

እናትህ


ኅዳር 26

እማዬ፣

ብዕሩ አልነበረም።

አዲስ ሰንጢ ሲመጣ መቆለፊያውን የምፈትንበት የራሴ መንገድ አለኝ፤ ከፍቼ የስለቱን ጀርባ የእንጨት ጠረጴዛው ላይ ጫን ጫን አደርገዋለሁ። ጥቁሩን ስፈትነው ቸኮልኩ፣ ጣቶቼን ከመንገዱ አላነሳሁም። መቆለፊያው ለቀቀና ሁለቱ ጣቶቼ ላይ ታጠፈ። ሐኪም ሰፋልኝ። ያንን የተንጋደደውን ደብዳቤ በግራ እጄ ነው የጻፍኩት፣ ይህችን ግን በቀኜ ነው፤ ፊደሉ ቀና ማለቱን እዪልኝ። ሁለቱም ጣቶች ይታጠፋሉ። የአንዱ ጫፍ ትንሽ ደንዝዟል፣ እሱም ይመለሳል ብለውኛል።

ለምን አልነገርኩሽም? ብነግርሽ በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍረሽ ትመጫለሽ። ወጥ ቤቴን ትረከቢያለሽ፣ አከራዬን ታሰናብቻለሽ፣ አለቃዬን ፊቱ ላይ ቆመሽ ትቆጪዋለሽ፣ እኔን ደግሞ እንደ ሕፃን በማንኪያ ታጎርሺኛለሽ። ትልቅ ሰው ሆኜ ያቆምኳትን አንዲት ክፍሌን በፍቅር ትወስጅብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ይህንን ልጽፍልሽ ስነሳ ነው ያንቺ ደብዳቤ የገባኝ። ለካ እኔና አንቺ አንድ ነገር ነው የምንፈራው። ሳቅኩኝ፣ ከዚያ ደግሞ በጣም አፈርኩ፤ እታለም ክፍል አዘጋጀሁላት ስትለኝ በጣም ጥሩ ያልኳት እኔ ነኝ። አንቺን ሳልጠይቅ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። እታለም በታኅሣሥ ሁለተኛ ሳምንት ለሥራ ስልጠና ወደዚህ ትመጣለች፤ የምትሠራበት የሆስፒታል ላቦራቶሪ ልኳት ነው። ኅዳር 19 የጻፍሽውን ደብዳቤ ላሳያት? እኔ ባስረዳት ትከራከረኛለች። ያንቺን ቃል ግን እንደጻፍሽው ብታነበው ይሻላል። እምቢ ካልሽ አጥፌ ኪሴ አስገባዋለሁ።

ልጅሽ


ታኅሣሥ 1

ይድረስ ለጭራሮዬ፣

ማን ነው የሰፋህ? ስፌቱ ተራርቋል ወይስ ተቀራርቧል? ክሩን አወጡት ወይስ ራሱ ይሟሟል አሉህ? ጠባሳው ከተሳበ ስፌቱ ተወጥሯል ማለት ነው። ጣትህን በወረቀት ላይ ሥለህ ላክልኝ፣ ጠባሳው የት ጋ እንደሆነ አሳየኝ። አይ፣ አልመጣም። ቦርሳዬን ሁለቴ አንስቼ ሁለቴ መልሼ ሰቅዬዋለሁ። እንዴት እንደከበደኝ ግን እወቀው።

ደብዳቤዬን አሳያት። እኔ አፍ አውጥቼ አልነግራትም፤ ስታለቅስ ሳይ የምለው ሁሉ ይጠፋብኛል።

እኔ ከምታስበው በላይ ደህና ነኝ። ባለ ብየዳው በዚያ ቀን እማማ እዚህ ሱቅ እንዳለሽ እኮ አናውቅም ነበር አለኝ። ስንት ዓመት በበሩ አልፌያለሁ፤ አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው፣ እነሱም ውስጥ ውስጡን ናቸው። አሁን በሩን ወለል አድርጎ ነው የሚሠራው፣ መብራትም ወደ መንገዱ አውጥቷል። ሲዘጉ ሱቄ ድረስ መጥተው በመስኮቱ ያንኳኩልኛል፣ አብረን ነው የምንሄደው። ወሬያቸው ብዙ ነው። አንደኛው ሊያገባ ነው፣ ሙሽራዋን ገና አልጠየቃትም። የቆዳ ሽርጣቸው ሁሉ ብልጭታ በልቶት ተበሳስቶ ነበር፤ ደርቤ ሰፋሁላቸው። ቆዳውን የቆረጥኩት በሰንጢህ ነው። ባለ ብየዳው እጁ ላይ አገላብጦ አየውና ይህን የመረጠ ሰው ሥራውን ያውቃል አለ። ልጄ ነው አልኩት።

ሱቄን እንደ ድሮው በሰዓቱ ነው የምዘጋው። ትናንት ከሥራ መልስ የሚመጡት ደንበኞቼ ሦስት ሆነው ተገናኝተው ቦታ ጠፋ። ጨርቁ ወንበር ላይ፣ እነሱ ቆመው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ይህን የሚያክል ደስታ እያለኝ አሮጊት ሆነሻልና ቁጭ በይ ስትሉኝ እንዴት ልስማችሁ?

ግን እህትህ አዎ ካላለች ልቤ አያርፍም። ተጣልተን እዚህ ብኖር አይጥመኝም። ጻፍልኝ።

እናትህ


ታኅሣሥ 9

እማዬ፣

እታለም ከትናንት ጀምሮ እኔ ጋ ናት። ደብዳቤሽን ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ተነስታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። የታጠበውንም ደግማ አጠበችው። ከዚያ እማዬ እኔን ከሌባ ይልቅ ትፈራኛለች አለችኝ። እኔንም ነው አልኳት፣ ሁለታችንንም ነው። እሱ ትንሽ ያጽናናት መሰለኝ። እኩለ ቀን ላይ ወጥታ ለነዚያ ባልና ሚስት ደወለች፤ ስትመለስ ቤቱ እንደማይከራይ ነግሬያቸዋለሁ አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን ምሳዋን በልታለች።

የሁለተኛው ቁልፍ ታሪክ ጋ ስትደርስ ስቃለች፤ ልትደብቀኝ ዞራ ነበር። የጣቴን ሥዕል ከጀርባ አድርጌልሻለሁ። አሁን ብዕሩን ልትቀማኝ ነው።

ልጅሽ

እማዬ፣

እኔ ነኝ። እንደሱ መጻፍ አልችልበትም። ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ነው የምገዛው፤ እንዳላደክምሽ ብዬ ነው። ትከሻው ላይ አንዱም ልክ ሆኖልኝ አያውቅም። ቅዳሜ እመለሳለሁ። ለሥራ የሚሆን ቀሚስ ላሰፋ ፈልጌ ነበር፣ ሱቅሽ መጥቼ ልለካ። ደንበኞችሽ ብዙ እንደሆኑ አንብቤያለሁ፤ ተራ እይዛለሁ።

መቼ ይመችሻል?